ጥያቄና መልስ፦ በአምስት የወርቅ ሳንቲም የፈረመው ልጅ

ባለፈው እትማችን ኳስ በእጅ ይዘው እየሮጡ ስለሚጫወቱት ስለ ራግቢ ሊግ አመጣጥ ባሰፈርነው አጭር ማስታወሻ ውስጥ ሃሮልድ ዋግስታፍ የተባለውን እንግሊዛዊ ተጫዋች በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ጠቅሰነው አልፈን ነበር። ያች ዐረፍተ ነገር ከጠበቅነው በላይ ደብዳቤ አምጥታብናለች። የተላኩልንን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ለመመለስ ቦታው ስለማይበቃን ተመሳሳዮቹን አቀናጅተን አምስቱን እነሆ አቅርበናል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዋግስታፍ በ15 ዓመቱ አምስት የወርቅ ሳንቲም ተቀብሎ እንደ ፈረመ ጽፋችኋል። በሌላ በኩል ግን በዚያ ዘመን የነበሩት የራግቢ ሊግ ተጫዋቾች በሳምንቱ መካከል በማዕድን ጉድጓድና በፋብሪካ ይሠሩ እንደነበር አንብቤአለሁ። ታዲያ ሌላ ሥራ ያለውን ሰው እንዴት ፕሮፌሽናል ብላችሁ ትጠሩታላችሁ? ወይስ ቃሉን ለማሳመር ያህል ተጠቅማችሁበት ነው?

መልስ፦ ቃሉን ለማሳመር አልተጠቀምንበትም፤ ነገር ግን ጠያቂያችን የነኩት ነጥብ የጉዳዩ ዋና ቋጠሮ ስለሆነ ሰፋ አድርገን ብንመልሰው ይሻላል።

በመጀመሪያ ስለ ልጁ። ሃሮልድ ዋግስታፍ ግንቦት 19 ቀን 1891 በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሻየር፣ ሆልምፈርዝ በተባለችው ትንሽ ከተማ አጠገብ በሚገኘው አንደርባንክ መንደር ተወለደ። አካባቢው የሱፍ ጨርቅ የሚሠራበት ሸለቆ ነው። ኳስ መጫወት የጀመረው አንደርባንክ ሬንጀርስ በተባለው የመንደሩ ቡድን ሲሆን፣ ከዚያ ብዙም በማይርቀው በሃደርስፊልድ ከተማ ያለው ትልቁ ክለብ አይቶት በ1906 አስፈረመው። ለፊርማው የተሰጠው እያንዳንዳቸው አንድ ፓውንድ የሚያወጡ አምስት የወርቅ ሳንቲሞች ናቸው። ኅዳር 10 ቀን 1906 ከብራምሊ ቡድን ጋር በተደረገው ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰለፍ ዕድሜው 15 ዓመት ከ175 ቀን ነበር። የተጋጠማቸው ሰዎች ጢም ያበቀሉ፣ ከባድ የጉልበት ሥራ ያጠነከራቸው ጎልማሶች እንደነበሩ መዘንጋት የለበትም።

ወደ ጥያቄው ስንመለስ፣ ራግቢ ሊግ የተወለደው ተጫዋቹ ከጨዋታው ሀብት እንዲያገኝ ታስቦ አይደለም። የተወለደው ተጫዋቹ በመጫወቱ እንዳይከስር ነው። ይህንን ልዩነት ያልያዘ አንባቢ የዋግስታፍን ዘመን ሊረዳው አይችልም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ራግቢን የሚመሩት በአብዛኛው ከደቡብ እንግሊዝ የመጡ፣ ታዋቂ በሆኑ የግል ትምህርት ቤቶች የተማሩ ባለጸጎች ሲሆኑ፣ በሰሜን ግን ጨዋታው የማዕድን ቆፋሪው፣ የሸማኔውና የወደብ ሠራተኛው ሆኖ ነበር። ሠራተኛው ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ሥራ ላይ ይውላል፤ ቡድኑ ራቅ ወዳለ ከተማ ለመጫወት ሲሄድ ግን የቅዳሜውን ሥራ ትቶ በጠዋት ባቡር መሳፈር ይኖርበታል፤ ያልሠራበት ሰዓት ደግሞ ከደመወዙ ይቆረጥበታል። የሰሜኖቹ ክለቦች የጠየቁት ይህ የጎደለው ገንዘብ እንዲተካለት ብቻ ነበር።

በ1893 በለንደን በተደረገው፣ ጨዋታውን ይመራ በነበረው በራግቢ ዩኒየን ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የዮርክሻየር ተወካዮች ሐሳቡን በይፋ አቀረቡ፤ በ282 ድምፅ ለ136 ተሸነፈ። ተቃዋሚዎቹ፣ ለጨዋታ የሚከፈል አንድ ሳንቲም ጨዋታውን ያረክሰዋል ባዮች ነበሩ። እንዲህ ማለት የቅዳሜ ደመወዙ ለማይቀርበት ሰው ቀላል ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 29 ቀን 1895፣ የዮርክሻየርና የላንካሻየር ታላላቅ ክለቦች ተወካዮች በሃደርስፊልድ ከተማ በሚገኘው ጆርጅ ሆቴል ተሰብስበው ከማኅበሩ መውጣታቸውን አስታወቁ፤ ኖርዘርን ዩኒየን፣ ማለትም የሰሜን ኅብረት የተባለውን የራሳቸውን ማኅበርም አቋቋሙ። ዛሬ ራግቢ ሊግ የሚባለው ጨዋታ ከዚህ ስብሰባ የወጣ ነው፤ ማኅበሩ የራግቢ ፉትቦል ሊግ የሚለውን ስም የያዘው ግን እስከ 1922 ቆይቶ ነው። አዲሱ ማኅበር መጀመሪያ የፈቀደው ላልተሠራበት ቀን የሚሰጥ ቢበዛ 6 ሽልንግ ነበር። አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ ስለነበር ይህ የፓውንድ ሲሶ እንኳ አይሞላም።

ለጨዋታው ራሱ መክፈል በግልጽ የተፈቀደው በ1898 ነው፤ እርሱም ቢሆን ከዛሬው አመለካከት ጋር ፈጽሞ የማይገጥም ቅድመ ሁኔታ ተያይዞበት ነበር። ገንዘብ የሚቀበል ተጫዋች ከጨዋታው ውጭ ትክክለኛ መተዳደሪያ ሥራ እንዳለው ማረጋገጥ ነበረበት። ሥራ ያጣ ሰው የመሰለፍ መብቱን ያጣል። ሥራው ደግሞ ማንኛውም ሥራ ሊሆን አይችልም ነበር፤ በመጠጥ ቤት ማስተናገድ ወይም በቢሊያርድ ቤት ነጥብ መመዝገብ እንደ ሥራ አይቆጠርም፤ ምክንያቱም ክለቦች ተጫዋቾቻቸውን በእንዲህ ያለ የስም ሥራ እየሸሸጉ ሙሉ ጊዜያቸውን ለኳስ እንዲሰጡ ያደርጋሉ ተብሎ ተፈርቶ ነበር። እንግዲህ የያኔው ፕሮፌሽናል በሕግ የተገለጸው ሌላ ሥራ ያለው ሰው ተብሎ ነው! ይህ ግዴታ የተነሣው በ1905 ሲሆን ዋግስታፍ የፈረመው በማግስቱ ዓመት ነው።

ግዴታው ቢነሣም ኑሮው ግን አልተለወጠም። ክለቦቹ የሚከፍሉት በጨዋታ ልክ ነው፤ ሲያሸንፉ የሚሰጠው ከፍ ይላል፣ ሲሸነፉ ዝቅ ይላል፣ የተጎዳና ያልተሰለፈ ደግሞ የሚያገኘው ነገር አስተማማኝ አይደለም። በዋግስታፍ ቡድን ውስጥ ከነበሩት ስመ ጥር አጥቂዎች አንዱ የሆነው ዳግላስ ክላርክ በከሰል ንግድ ይሠራ ነበር፤ ቤን ግሮኖው ደግሞ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ስለዚህ መልሳችን፣ አዎን፣ ፕሮፌሽናል ነበሩ የሚል ነው፤ ለሙያቸው በውል ተከፍሏቸዋልና። በኳስ ብቻ የሚኖሩ ግን አልነበሩም።

ጥያቄ፦ የዋግስታፍ ቅጽል ስም «የሴንተሮች ልዑል» እንደነበር ሰምቻለሁ። ራግቢን አይቼ ስለማላውቅ፣ ሴንተር ማለት ምን እንደሆነና ይህ ሰው ከሌሎቹ በምን እንደተለየ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ የራግቢ ሊግ ቡድን 13 ተጫዋቾች አሉት። ስድስቱ አጥቂዎች የሚባሉት ኳሱ በሚታገልበት መካከል እየተጋፉ ይሠራሉ፤ ሰባቱ ከኋላ ተዘርግተው ኳሱን እየተቀባበሉ ይሮጣሉ። ከእነዚህ ከሰባቱ ሁለቱ ሴንተሮች ሲሆኑ፣ ቦታቸው በጨዋታው አቀናባሪዎችና በሜዳው ዳር በሚሮጡት ሁለት ክንፎች መካከል ነው። ኳስ ወደ ፊት በእጅ ማቀበል ስለማይፈቀድ፣ ሴንተሩ ራሱ እየሮጠ ተከላካዩን ወደ እርሱ መሳብና ልክ በሚያዝበት ቅጽበት ከኋላው ለሚመጣው ክንፍ ማቀበል አለበት። ቢቸኩል ተከላካዩ ክንፉን ያገኘዋል፤ ቢዘገይ ኳሱን ይዞ ይወድቃል።

እዚህ ላይ አንድ የዘመን መገጣጠም አለ። ኖርዘርን ዩኒየን የተጫዋቾችን ቁጥር ከ15 ወደ 13 የቀነሰው፣ የተያዘውም ተጫዋች ተነሥቶ ኳሱን በእግሩ ወደ ኋላ እየለቀቀ ጨዋታውን እንዲያስቀጥል የወሰነው በ1906 ነው። ዋግስታፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈበት የውድድር ዘመን አሥራ ሦስቱ ተጫዋቾች ለመጀመሪያ ጊዜ የወጡበት ነው። አራት ሰዎች ከሜዳው ሲወጡ ክፍት ቦታ ተገኘ፤ ክፍት ቦታ ደግሞ ከጉልበተኛው ይልቅ ለሚያስበው ተጫዋች ይመቻል። ከእርሱ በፊት የነበሩት ታላላቅ ተጫዋቾች የ15ቱን ጨዋታ ለምደው ወደ አዲሱ የተሻገሩ ነበሩ፤ እርሱ ግን የሚረሳው ልማድ አልነበረውም።

በ17 ዓመቱ ለዮርክሻየር፣ በ1909 መጀመሪያ ደግሞ በዚያው በ17 ዓመቱ ለእንግሊዝ ተሰልፎ ከአውስትራሊያ ጋር ተጫወተ። በ1911 ገና 20 ዓመት እንደ ሞላው የሃደርስፊልድ አምበል ሆነ፤ ከእርሱ በዕድሜ የሚበልጡት ሰዎች ትእዛዙን ይቀበሉ ነበር። ያ ቡድን እስከ ዛሬ «የሁሉም ተሰጥኦዎች ቡድን» ተብሎ ይጠራል፤ ስያሜው የተገባ መሆኑን ለማየት ዝርዝሩን መመልከት ይበቃል። በአንደኛው ክንፍ ከአውስትራሊያ የመጣው አልበርት ሮዘንፌልድ ነበር፤ በ1911–12 የውድድር ዘመን 78፣ በ1913–14 ደግሞ 80 ትራይ ያስቆጠረ ሲሆን፣ ይህ የመጨረሻው ቁጥር እስከ ዛሬ ያልተሰበረ ክብረ ወሰን ነው። ትራይ ማለት ኳሱን ከተጋጣሚ የግብ መስመር ባሻገር መሬት ላይ ማሳረፍ ሲሆን ያን ጊዜ ሦስት ነጥብ ያስገኝ ነበር፤ በእግር ተመትቶ በምሰሶዎቹ መካከል የሚያልፍ ጎል ሁለት ነጥብ አለው። በሌላው ክንፍ፣ ከዋግስታፍ ጎን፣ ስታንሊ ሙርሃውስ ይሮጥ ነበር። ከኒውዚላንድ የመጣው ኤድጋር ሪግሊና ከዌልስ የመጣው ግሮኖውም ነበሩ። ስለ ግሮኖው በመንገዳችን ላይ አንድ ነገር እንጨምር፦ በ1910 በለንደኑ ትዊክነም ስታዲየም የተደረገውን የመጀመሪያ ዓለም አቀፍ የራግቢ ዩኒየን፣ ማለትም የ15 ሰው ራግቢ፣ ጨዋታ በእግሩ መትቶ ያስጀመረው እርሱ ነው፤ ወደ ሰሜን ሄዶ ገንዘብ ከተቀበለ በኋላ ግን ያ ስታዲየም በሩን ዘጋበት።

የዋግስታፍ ልዩነት ፍጥነቱ አልነበረም፤ ከእርሱ የሚፈጥኑ በቡድኑ ውስጥም ነበሩ። የተለየው አስቀድሞ በመዘጋጀቱ ነው። ሃደርስፊልዶች እንቅስቃሴዎቻቸውን ይነጋገሩባቸውና ይለማመዷቸው ነበር። ከእነዚህ አንደኛው፣ ሴንተሩ ኳሱን ለክንፉ ካቀበለ በኋላ ሩጫውን ሳያቋርጥ ቀጥሎ፣ ክንፉን ሊይዝ የሚመጣው ተከላካይ በሚያልፍበት መንገድ ላይ መገኘት ነው። ዳኛው የሚያየው እየሮጠ ያለ ሰው ነው፤ ተከላካዩ የሚያገኘው ግን ግድግዳ ነው። ተቺዎች ይህንን «ሳይንሳዊ ማደናቀፍ» ብለውት ነበር። እኛ ማጭበርበር አንለውም፤ ፍጹም ንጹሕ ነው ብለንም አንምልም።

በዚህ ሁኔታ ሃደርስፊልድ በ1912፣ በ1913ና በ1915 የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ከሁሉም የሚልቀው 1914–15 ነው፤ በዚያ የውድድር ዘመን ሊያሸንፋቸው የሚችላቸውን አራቱንም ዋንጫዎች ወሰደ፦ የዮርክሻየር ዋንጫን፣ የዮርክሻየር ሊግን፣ የቻሌንጅ ዋንጫንና የሊጉን ሻምፒዮንነት። በቻሌንጅ ዋንጫው ፍጻሜ ሴንት ሄለንስን 37 ለ3፣ በሻምፒዮንነቱ ፍጻሜ ሊድስን 35 ለ2 አሸነፈ። አራቱን በአንድ ዘመን የወሰዱት በታሪክ ሦስት ቡድኖች ብቻ ናቸው፤ ከሃደርስፊልድ በፊት በ1907–08 ሃንስሌት፣ ከእርሱ በኋላ በ1927–28 ስዊንተን።

ጥያቄ፦ አባቴ የስፖርት ታሪክ ይወድ ነበርና በልጅነቴ በአሥር ተጫዋች አውስትራሊያን ስላሸነፈ የእንግሊዝ ቡድን ይነግረኝ ነበር። እውነት መሆኑን ተጠራጥሬ አላውቅም፤ አሁን ግን ማረጋገጥ ፈለግሁ። የዋግስታፍ ቡድን ነው?

መልስ፦ አባትዎ የነገሩዎት እውነት ነው፤ የቡድኑ አምበልም ዋግስታፍ ነው።

በ1914 ኖርዘርን ዩኒየን ወደ አውስትራሊያና ወደ ኒውዚላንድ የላከውን ቡድን ሲመራ ዋግስታፍ ገና 23ኛ ዓመቱን መያዙ ነበር። ከአውስትራሊያ ጋር ሦስት ዋና ግጥሚያዎች ተያዙ። የመጀመሪያው ሰኔ 27 ቀን በሲድኒ ተደርጎ እንግዶቹ 23 ለ5 አሸነፉ። ሁለተኛው ከሁለት ቀን በኋላ ሰኞ ዕለት ተደርጎ አውስትራሊያ 12 ለ7 አሸነፈች። ሦስተኛው ቆየት ብሎ በሜልበርን እንዲደረግ ታቅዶ ሳለ፣ አስተናጋጆቹ ሕዝቡ የጓጓበትን ጊዜ ላለማሳለፍ በዚያው ሳምንት፣ ሐምሌ 4 ቀን፣ በሲድኒ ክሪኬት ሜዳ እንዲሆን አደረጉ። በስምንት ቀን ውስጥ ሦስት ከባድ ግጥሚያ ማለት ነው። የእንግዶቹ አመራር ብዙ ተጫዋች ተጎድቶብናል ሲል ተቃወመ፤ ከእንግሊዝ የመጣው የቴሌግራም መልስ ግን ተጫወቱ የሚል ሆነ፤ አድሚራል ኔልሰን በ1805 በትራፋልጋር የባሕር ጦርነት ለመርከቦቹ ያስተላለፈውን፣ እንግሊዝ ከእያንዳንዱ ሰው ግዴታውን መወጣቱን ትጠብቃለች የሚለውን ቃል ጠቅሶም ነበር። ቴሌግራሙን የላኩት ሰዎች ጉልበታቸው እንዳልቆሰለ ልብ ይሏል።

ያን ጊዜ ለተጎዳ ሰው ተቀያሪ ማስገባት አይፈቀድም ነበር፤ የወጣ ከወጣ ቦታው ባዶ ይቀራል። ገና ጨዋታው እንደ ተጀመረ ክንፉ ፍራንክ ዊልያምስ እግሩን ተጎዳ። ቀጥሎ ዳግላስ ክላርክ መጀመሪያ አውራ ጣቱ ተሰበረ፤ አሳስሮት ሲጫወት ቆይቶ የአንገት አጥንቱ ተሰበረና ወጣ። በሁለተኛው አጋማሽ ቢሊ ሆል ራሱን ተመትቶ ናላው ዞረና በሰው ድጋፍ ወጣ። እንግዶቹ አሥር ቀሩ፤ ከፊታቸው አሥራ ሦስት አውስትራሊያውያን በገዛ ሜዳቸው ቆመዋል።

በመጀመሪያው አጋማሽ በአንድ ትራይና በሦስት ጎል 9 ለ0 እየመሩ ስለነበር፣ ሌላ አምበል ቢሆን ኖሮ አሥሩን ሰዎች በገዛ መስመራቸው ላይ አሰልፎ የሰዓቱን ማለቅ በጠበቀ ነበር። ዋግስታፍ ግን ኳስ በተገኘ ቁጥር ወደ ፊት ሄደ። ሰው በማነሱ ወደ ክንፍ የተላከው ቺክ ጆንሰን አጥቂ ነበር፤ ክንፍ ሆኖ መሮጥ ልማዱ አይደለም። ዋግስታፍ ተከላካዮቹን ሰብሮ ካለፈ በኋላ ኳሱን ለእርሱ አቀበለው፤ ጆንሰን ኳሱን መሬት ጣለና እንደ እግር ኳስ ተጫዋች በእግሩ እየነዳ ሄዶ ከመስመሩ ባሻገር ወደቀበት። የኋላው ተከላካይ አልፍ ዉድ አራተኛውን ጎል መታ። ሁለት ትራይ ስድስት፣ አራት ጎል ስምንት፣ ድምሩ 14። አውስትራሊያውያኑ በመጨረሻ ሁለት ትራይ ቢያስቆጥሩም አንዱንም በጎል ሊያጠነክሩት አልቻሉም፤ 14 ለ6 ተፈጸመ። ሆል ራሱን እንደ ሳተ ሊባል በሚችል ሁኔታ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ተመልሶ ገብቶ ነበር፤ በዛሬ ሕግ ማንም ሐኪም የማይፈቅደው ነገር ነው፣ ደግሞም ባይፈቅድ ልክ ነው።

ጨዋታው «የሮርክስ ድሪፍት ግጥሚያ» ተብሎ ተሰየመ። ስሙ የመጣው በጥር 1879 ጥቂት የእንግሊዝ ወታደሮች በደቡብ አፍሪካ ብዙ ሺህ የዙሉ ተዋጊዎችን ከመከቱበት ቦታ ነው። ለአፍሪካዊ አንባቢ ስሙ ትንሽ መጎርበጡ አይቀርም፤ በዚያው ዕለት፣ ከዚያ ብዙ ሳይርቅ፣ ኢሳንድልዋና ላይ ዙሉዎቹ አንድ ሙሉ የእንግሊዝ ሠራዊት መደምሰሳቸውን ስናስታውስ ደግሞ፣ ሰያሚዎቹ የትኛውን ጦርነት ማስታወስ እንደ መረጡ እናያለን። ጨዋታውን ግን ስሙ አያሳንሰውም።

ጥያቄ፦ በዚያ ዘመን ከዋግስታፍ የበለጠ ገንዘብ ያገኘ ተጫዋች አልነበረምን? ስለ አውስትራሊያዊው ዳሊ ሜሰንጀር ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ነበሩ። በእንግሊዝ ከተጠሩት ዝውውሮች ትልቁ የቢሊ ባተን ነበር፤ በ1913 ሃል የተባለው ክለብ ለሃንስሌት 600 ፓውንድ ከፍሎ ወስዶታል፤ ለእያንዳንዱ ጨዋታም 14 ፓውንድ ይከፈለው እንደነበር ይነገራል። የተራ ሠራተኛ የሳምንት ደመወዝ ሁለት ፓውንድ በማይሞላበት ጊዜ ይህ ከፍተኛ ገንዘብ ነው። ነገር ግን ባተን የተለየ ሰው እንጂ የዘመኑ ልክ አልነበረም፤ ከባተን ተነሥቶ ስለ ሌሎቹ መደምደም ስሕተት ነው።

ሄርበርት ሄንሪ ሜሰንጀር፣ ዳሊ በሚለው ስሙ የሚታወቀው፣ በ1883 በሲድኒ የተወለደ ሲሆን አባቱ ጀልባ ሠሪ ነበር። በ1907 የአውስትራሊያ ራግቢ ዩኒየን ተወዳጅ ተጫዋች ሳለ፣ ወደ እንግሊዝ በማለፍ ላይ ከነበረው የኒውዚላንድ ፕሮፌሽናል ቡድን ጋር በሲድኒ በተደረጉት ጨዋታዎች ለመሰለፍ ተስማማ። አዲሱ ጨዋታ በአውስትራሊያ ሥር የሰደደው በአብዛኛው እርሱን ለማየት በመጣው ሕዝብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዋጋውም ተከፈለ፤ ራግቢ ዩኒየን አገደው። ዋግስታፍ ይህን ፈተና አላየውም። እርሱ ባደገበት ሸለቆ ኖርዘርን ዩኒየን የሁሉም ሰው ጨዋታ ስለነበር የተወው ነገር፣ የከዳውም ማኅበር አልነበረም። ሜሰንጀር መርጦ የገባበትን ጨዋታ ዋግስታፍ ተወልዶ ያገኘው ነው።

ጥያቄ፦ ከ1915ቱ አራት ዋንጫ በኋላ ምን ሆነ? መጨረሻውስ እንዴት ነበር?

መልስ፦ ጦርነቱ መጣ። ኖርዘርን ዩኒየን የ1914–15ን ውድድር ከፈጸመ በኋላ መደበኛ ውድድሮቹን አቋረጠ፤ ለተጫዋቾች ክፍያ መስጠትንም ከለከለ። ዋግስታፍ የዕድሜውን ምርጥ ዓመታት፣ ከ24 እስከ 27 ያለውን፣ በዚህ ምክንያት አጣ። ሌሎች ከዚህ የበለጠ አጥተዋል። የኋላ ተከላካዩ ላሬት ሮባክ በጥቅምት 1914፣ አጥቂው ፍሬድ ሎንግስታፍ በሐምሌ 1916 በጦር ሜዳ ሞቱ።

ዋግስታፍ በጦሩ የስንቅና ማመላለሻ ክፍል ተመድቦ በለንደን አቅራቢያ በግሮቭ ፓርክ ነበር፤ ክላርክ፣ ግሮኖውና ሮዘንፌልድም እዚያው ተገኙ። ታዲያ ገንዘብ ተቀብለው በመጫወታቸው እስከ ዕድሜ ልክ የታገዱት እነዚህ ሰዎች የወታደር ልብስ ስለለበሱ ብቻ ራግቢ ዩኒየን እንዲጫወቱ ተፈቀደላቸው። የ15 ሰው ጨዋታ እየተጫወቱ የመኮንኖችንና የዩኒቨርሲቲ ምሩቃንን ቡድኖች ረቱ። ሰላም ሲሆን እገዳው እንደነበረ ተመለሰ።

በ1920 ሃደርስፊልድ የቻሌንጅ ዋንጫን እንደገና ሲያነሣ ዋግስታፍ አምበሉ ነበር፤ በዚያው ዓመት ቡድኑን ለሁለተኛ ጊዜ ወደ አውስትራሊያ መርቶ በዚህ ጊዜ በግጥሚያዎቹ 2 ለ1 ተሸንፎ ተመለሰ፤ ኒውዚላንድን ግን ሦስቱንም ጊዜ አሸንፏል። ለሃደርስፊልድ ከ400 በላይ ጨዋታዎች ተሰልፎ በ1925 ጨዋታ አቆመ። ክለቡን ትቶ ወደ ሌላ አልሄደም።

ከዚያ በኋላ መተዳደሪያው በሃደርስፊልድ ከተማ የመጠጥ ቤት ማስተዳደር ሆነ። ለብዙ የዘመኑ ተጫዋቾች የተለመደ መንገድ ነው፤ ደንበኛው ከመጠጡ ይልቅ ሰውየውን ሊያይ ይመጣልና። ከላይ የጠቀስነውን የ1898ቱን ደንብ የሚያስታውሱ አንባቢ፣ በመጠጥ ቤት ማስተናገድ ለተጫዋች እንደ ሥራ ያልተቆጠረበት ጊዜ እንደነበር አስታውሰው ፈገግ ይሉ ይሆናል። ሐምሌ 19 ቀን 1939፣ በ48 ዓመቱ አረፈ።

የብሪታንያ ራግቢ ሊግ በ1988 የክብር መዝገቡን ሲከፍት የመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች ዘጠኝ ነበሩ። ከዘጠኙ ሁለቱ በዚያ በአንድ ቡድን አብረው የተጫወቱት ዋግስታፍና ሮዘንፌልድ ናቸው፤ ከላይ የጠቀስነው ባለ 600 ፓውንዱ ባተንም በዚያው ዝርዝር ውስጥ አለ።